ራይፋይዘን፤ ለገበሬ ጊዜ የገዛ ሰው

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፣ የተምጫን ወንዝ ተሻግሮ ደምበጫ የሚገባ መንገደኛ ከሁሉ በፊት ዐይኑ የሚያርፈው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ዛፉ በማሳ ዳር እንደ አጥር ይቆማል፤ በቤት ጓሮ ይበቅላል፤ ቀድሞ እህል ይዘራበት የነበረውንም መሬት እየወሰደ ሄዷል። ከተማይቱ በአረቄዋ የታወቀች እንደ መሆኗ ማገዶው በዚያው ገዢ አያጣም፤ አጣናው ግን በመኪና ተጭኖ ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዳል። የዛፉ ባለቤት አንድና ሁለት ዓመት ቢታገሥ ዋጋው እንደሚያድግ ጠንቅቆ ያውቃል። ነገር ግን የማዳበሪያ መግዣ ወራት ሲደርስ፣ በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ሲተኛ ወይም ልጅ ሲዳር፣ ዛፉን ገና ሳይጠና በቁሙ ይሸጠዋል። ያን ጊዜ ቈጣሪውም፣ ገማቹም፣ ዋጋ ቈራጩም ገዢው ነው።

ይህ የዕውቀት ጉድለት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። የምድር ገቢ በዓመትና በዓመታት ሲመጣ፣ የገበሬው ወጪና ዕዳ ግን በወርና በሳምንት ይመጣል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሸጥለት ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ዋጋው ግን አራጣ ነው። ይህንኑ የጊዜ አለመገጣጠም የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ አንድ ጀርመናዊ የገጠር ከንቲባ ነበረ፤ ስሙም ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን ይባላል። የኅብረት ሥራ ባለሙያ ሁሉ ስሙን በትምህርት ቤት ይሰማዋል። ሕይወቱ ግን ከስሙ ያነሰ ታውቋል፤ በተለይም ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደ ወደቀ የሚነገረው በጥቂቱ ነው። የእርሱ ታሪክ ከዚህ በታች የሚቀርበው በአውሮፓ የዘመን አቈጣጠር ነው።

ራይፋይዘን መጋቢት 30 ቀን 1818 በዚግ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሐም በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነበር። አባቱ ገበሬም ለጥቂት ጊዜም የመንደሩ ሹም ነበረ፤ ነገር ግን ጤናው ስለ ታወከ የቤቱ ሸክም በእናቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከፍ ወዳለ ትምህርት ቤት የሚልከው ገንዘብ ስላልነበረ የክርስትና አባቱ የሆነው የመንደሩ ቄስ ለጥቂት ዓመታት አስተማረው። በ17 ዓመቱ የፕሩሲያ መድፈኛ ጦር ገባ። እስከ ሹመት ማዕረግ ለመድረስ ያሰበው አሳብ ግን በዐይኑ ሕመም ተቋረጠና በ1843 ወታደርነቱን ትቶ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሆነ። ያ የዐይን ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አልተለየውም።

በ1845 ቫይርቡሽ የተባለው የገጠር አካባቢ ከንቲባ ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት ኤሚሊ ሽቶርክ የተባለች የመድኃኒት ቀማሚ ልጅ አገባ። ከንቲባ ሲባል የከተማ ሹም አይምሰል፤ በኮረብታ ላይ የተበተኑ በርካታ ድኻ መንደሮችን የሚያስተዳድር ነው። አገሩ ቬስተርቫልድ ይባላል፤ ትርጓሜውም የምዕራብ ደን ማለት ነው። መሬቱ ስስ፣ ክረምቱ ረዥም፣ ማሳው በውርስ እየተከፋፈለ ያነሰ ነበር። ደጋ ጎጃምን የሚያውቅ አንባቢ የመጨረሻውን ነገር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ከንቲባው ሥራውን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ረኀብ ገባ። የድንቹ በሽታ መላውን አውሮፓ አዳርሶ ነበር፤ በ1846 እህሉም ከዳ። መንግሥት ዱቄት ላከ፤ ነገር ግን ዱቄቱ በእጅ በእጅ ገንዘብ ካልሆነ እንዳይሸጥ ትእዛዝ ሰጠ። ገንዘብ ያለው ሰው ቀድሞውንም አልተራበም። ራይፋይዘን ትእዛዙን ተላልፎ ዱቄቱን ለድኾች በዱቤ አደለ፤ ከዚያም የአካባቢውን ባለጠጎች ሰብስቦ ገንዘብ እንዲያዋጡ አደረገና የዳቦ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ የራሱን ምድጃ ሠርቶ እየጋገረ ዳቦውን ከገበያው ዋጋ እጅግ ባነሰ ሂሳብ፣ ለሌለው ደግሞ በዱቤ ሸጠ። ለመጪው ዓመት የሚሆን የዘር ድንችና እህልም ገዛ። የሚያስደንቀው ለተራቡት ዳቦ መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩ ምድጃ መቃጠል ከጀመረ በኋላ የአካባቢው ዳቦ ሻጮች ዋጋቸውን ዝቅ ለማድረግ ተገደዱ። አንድ ማኅበር አባላቱን ብቻ ሳይሆን ገበያውንም ሊገራ እንደሚችል ራይፋይዘን ያየው ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላም ሥራ ጀመረ። ከቫይርቡሽ በፍላመርስፌልድ በኩል ወደ ራይን ወንዝ የሚወርድ መንገድ አስጠረገ። የቬስተርቫልድ እንጨትና እህል ገዢ ወዳለበት ወንዝ የሚደርስበት መንገድ ከሌለው፣ ገበሬው ለመጣለት አንድ ነጋዴ ብቻ ለመሸጥ ይገደዳል። መንገዱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1848 ወደ ፍላመርስፌልድ ተዛወረ። በዚያ ያገኘው ችግር ረኀብ ሳይሆን ከብት ነበር። ድኻው ገበሬ ላም ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ክፍያው ጥቂት ቀን ቢዘገይ ላሟ ትወሰዳለች፤ ጥጃዋ፣ ወተቷና እስከዚያ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአገራችን ወለድ አገድን ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ በዚያ መሬቱ፣ በዚህ ላሟ የዕዳው ባሪያ ሆና ትኖራለች። በታኅሣሥ 1849 ራይፋይዘን 60 የሚያህሉ የተሻለ ኑሮ ያላቸውን ሰዎች አስተባብሮ የርዳታ ማኅበር መሠረተ። ስድሳው ሰዎች በሙሉ ንብረታቸው በጋራ ዋስ ሆኑ፤ በዚህ ዋስትና ገንዘብ ተበደሩ፤ ማኅበሩ ከብት እየገዛ ለገበሬው ሰጠ፤ ገበሬውም ዋጋውን በአምስት ዓመት ከፍሎ እንዲጨርስ ተደረገ። ላም ወልዳ፣ ጥጃዋ አድጎ ተሸጦ፣ ዕዳው ከዚያ ይከፈላል ማለት ነው። የብድሩ ዘመን የተቈረጠው በአበዳሪው ትዕግሥት ሳይሆን በከብቱ ርቢ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ በኖይቪድ ከተማ አጠገብ ያለው የሄደስዶርፍ ከንቲባ ሆነ፤ በ1854 ደግሞ በዚያ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቆመ። ይህኛው ከሁሉ ሰፊ ዓላማ የነበረው ነው፤ ከብድር ሌላ አሳዳጊ ያጡ ልጆችን ማሳደግ፣ ከወኅኒ ለወጡ ሰዎች ሥራ መፈለግ፣ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ሁሉ በመተዳደሪያው ገብቶ ነበር። ወደቀም። ባለጠጎቹ አባላት ዋስትናውን ብቻ ተሸክመው ጥቅሙን ሌላው ስለሚያገኝ አንድ በአንድ ለቀቁ፤ ተበዳሪዎቹ በበኩላቸው የማኅበሩ አባላት ስላልነበሩ ለውድቀቱም ለልማቱም አልተገደዱም። በልግስና የቆመ ቤት ለጋሹ ሲሰለች ይፈርሳል። ራይፋይዘን ይህን ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ አጥባቂ ክርስቲያን እንደ መሆኑ ባለጠጋው በምጽዋት ድኻውን ይታደገዋል የሚለውን እምነት መተው ከበደው። አመለካከቱን የለወጠው ስብከት ሳይሆን የሂሳብ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

በ1862 በአንሐውዘንና በአካባቢው፣ በ1864 ደግሞ በሄደስዶርፍ አዲስ ዓይነት የብድር ማኅበር ተመሠረተ። በእነዚህ ማኅበሮች ተበዳሪው ራሱ አባል ሆነ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስሙ የሚጠራው ሥርዐት ከዚህ ይጀምራል። የማኅበሩ ክልል ከአንድ ደብር ወይም ከጥቂት ጎረቤት መንደሮች አያልፍም፤ ማን ምን እንዳለው፣ ማን ጠጪ ማን ትጉህ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ብድር የሚሰጠው ለታወቀ ጉዳይና በዋስ ነው። ከገንዘብ ያዡ በቀር አመራሩ ደመወዝ አይቀበልም። ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም፤ ማኅበሩ ቢፈርስ እንኳ አባላት ሊካፈሉት በማይችሉት መጠባበቂያ ውስጥ ይከማቻል። ከሁሉም በላይ ግን አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ በሙሉ ንብረታቸው፣ ያለ ወሰን፣ በጋራ ይጠየቃሉ።

ይህ የመጨረሻው ደንብ በዛሬ ዐይን ሲታይ ያስፈራል። ነገር ግን ነጠላው ገበሬ ለከተማው ባለገንዘብ የሚያቀርበው መያዣ ባልነበረው ዘመን፣ የመቶ ገበሬ ቤትና መሬት በአንድነት ሲቆም ባንክ በሩን የሚከፍትለት መያዣ ይሆናል። ደግሞም ለጎረቤቱ ዕዳ የሚጠየቅ ሰው የጎረቤቱን ብድር በዐይኑ ይከታተላል፤ ተቈጣጣሪ መቅጠር አያስፈልግም። እድርን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የመተዋወቁን ኃይል አይስተውም። እቁብ ግን ከዚህ ይለያል፤ ዕጣው ለወጣለት ሰው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ ዛፍ እስኪያድግ አይጠብቀውም።

ሥራው በሚቃናበት ሰዓት ቤቱ ፈረሰ። በ1863 ሚስቱ ኤሚሊ ሞተች። እርሱም በተስቦ ታመመ፤ ዐይኑ ከቀድሞው ይልቅ ደከመና በ1865፣ በ47 ዓመቱ፣ ለኑሮ በማይበቃ ጡረታ ከሹመቱ ተሰናበተ። ቤተ ሰቡን ለማኖር የሲጋራ ፋብሪካ ሞከረ፤ ከዚያም ወይን ጠጅ ነገደ። በመላው ጀርመን ለገበሬ ብድር ያስገኘው ሰው የራሱን እንጀራ ከወይን ጠጅ በርሜል ሲፈልግ ማየት የሚገርም ነው። በ1866 ግን የብድር ማኅበራትን አመሠራረትና አሠራር የሚያብራራው መጽሐፉ ወጣ፤ በሕይወቱ ዘመንም ደጋግሞ ታተመ። መጽሐፉን ያነበቡ ቄሶች፣ መምህራንና የገጠር ሹማምንት በየአገራቸው ማኅበር አቆሙ። ጽሑፉንና ደብዳቤውን የምታነብለትና የምትጽፍለት የበኵር ልጁ አማሊ ነበረች።

ከዚህ በኋላ የመጣው የገንዘብ ክርክር ለዛሬው ባለሙያ ከሁሉ የሚጠቅመው የሕይወቱ ክፍል ነው። በከተማ ለእጅ ባለሙያዎችና ለነጋዴዎች የብድር ማኅበራትን የመሠረተው የሕግ ዐዋቂው ሄርማን ሹልትሰ ዴሊች ነበር፤ የ1867ቱንም የፕሩሲያ የኅብረት ሥራ ሕግ ያዘጋጀው እርሱ ነው። ሹልትሰ አባል ሁሉ ዕጣ ይግዛ፣ ትርፉም ይከፋፈል፣ ብድሩም ለጥቂት ወራት ብቻ ይሁን ይል ነበር። ራይፋይዘን ግን እስከ ዐሥር ዓመት ያበድራል፤ ዕጣና የትርፍ ክፍያ አይወድም። የሹልትሰ ትችት ቀላል አልነበረም፤ አስቀማጩ ገንዘቡን ሲፈልግ የሚወስደው ከሆነ፣ ያን ገንዘብ ለዐሥር ዓመት ያበደረ ማኅበር በአንድ ክፉ ቀን ባዶ ሣጥን ይዞ ይቀራል። ይህን ማንም የሂሳብ ሰው ሊያስተባብለው አይችልም።

የራይፋይዘን መልስ ሁለት ወገን ነበረው። አንደኛው ማኅበሩ ሲቸገር ብድሩን በአራት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊጠራ የሚችልበት አንቀጽ ነው፤ ይኸውም ለክፉ ቀን የተቀመጠ መሣሪያ ነው እንጂ የዕለት አሠራር አልነበረም። ሁለተኛው ግን ታላቁ ሥራው ነው። በአንድ መንደር ገበሬ ሁሉ በአንድ ወቅት ይበደራል፣ በአንድ ወቅት ይከፍላል፤ ስለዚህ የመንደሩ ሣጥን ወይ ይደርቃል ወይ ይሞላል። የልዩ ልዩ አውራጃዎች ሣጥኖች ቢገናኙ ግን የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። በዚህ አሳብ በ1872 በኖይቪድ የራይን አውራጃ ማእከላዊ ባንክ በኅብረት ሥራ መልክ ተቋቋመ። ሹልትሰ ሕጉን ይዞ ተነሣበት፤ ወሰን የሌለው ኃላፊነት ያለባቸው ማኅበራት በሌላ ወሰን የለሽ ማኅበር አባል መሆናቸው ሕገ ወጥ ነው አለ። ራይፋይዘን ተሸነፈና ባንኩን አፍርሶ በ1876 በአክሲዮን ማኅበር መልክ እንደገና አቆመው። ስሙና የሕግ ቀሚሱ ተለወጠ፤ ሥራው ያው ነበር። በክርክሩ ማን ትክክል ነበር ቢባል፣ ሁለቱም የሚያውቁትን ሰው እያሰቡ ነበር የሚናገሩት፤ ሹልትሰ በሳምንት የሚሸጠውን ጫማ ሰፊ፣ ራይፋይዘን ደግሞ ላሟ እስክትወልድ የሚጠብቀውን ገበሬ።

ከብድር ቀጥሎ ግብይቱም መጣ። ማኅበራቱ ማዳበሪያ፣ ዘርና የከሰል ድንጋይ በአንድነት መግዛት ጀመሩ፤ በ1881ም ለዚሁ ንግድ የሚሆን ድርጅት ተቋቋመ። እዚህ ላይ ሌላው የገጠር ማኅበራት መሪ ቪልሄልም ሐስ ከእርሱ ተለይቶ የራሱን ጎራ አቆመ። ሐስ ብድሩና ንግዱ በአንድ ማኅበር ውስጥ መደባለቃቸውን አልወደደም፤ የሁሉም ነገር በኖይቪድ መታዘዝም አላስደሰተውም። ለሚነግድ ማኅበር ብልሃቱ ሐስ የተከተለው ነው፤ የማዳበሪያ ንግድ ኪሣራ የቈጣቢውን ገንዘብ ይዞ እንዳይወድቅ ሂሳቡን መለየት ይሻላል። ራይፋይዘን በስተርጅናው ሥልጣኑን ለማካፈል አልፈቀደም። በጻፋቸውም ጽሑፎች የከብት ነጋዴውን በደል በአይሁድ ሕዝብ ላይ የጫነበት ጊዜ አለ፤ አራጣ ሃይማኖት እንደሌለው ከማንም ይልቅ እርሱ ሊያውቀው ይገባ ስለ ነበር ይህ ከታሪኩ የማይፋቅ ጉድፍ ነው።

ከራይፋይዘን የትውልድ አገር አጠገብ፣ በዚገርላንድ፣ ከእርሱ ዘመን እጅግ ቀድሞ የተጀመረ የደን ማኅበርም ነበረ። ሐውበርግ ይባላል። የኦክና የበርች ዛፍ ያለበት ኮረብታ የመንደሩ ሰዎች የማይከፋፈል የጋራ ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በሂሳብ የሚቈጠር ድርሻ እንጂ በአጥር የሚለይ መሬት የለውም። ኮረብታው በዓመታት ቍጥር ልክ ይሸነሸንና በየዓመቱ አንድ ሽንሻኖ ብቻ ይቈረጣል፤ ከ16 እስከ 20 ዓመት ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቅርፊቱ ለቆዳ ፋቂ፣ እንጨቱ ከስሎ ለብረት ማቅለጫ ይሸጥ ነበር፤ በተቈረጠው ቦታ ላይ እህል ይዘራ ነበር፤ ጉቶው አቈጥቍጦ ሲያድግ እንደገና ደን ይሆናል። በ1879 የወጣው ሕግ ይህን ልማድ አጸናው። ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፋግታ ለኮማን ማስታወሱ አይቀርም፤ በዚያ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከዲከረንስ ችግኝ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን አክስሎ ይሸጣል። ልዩነቱ በአደረጃጀቱ ነው። ሐውበርግ በየዓመቱ ሽያጭ አለው፤ አንድ ገበሬ በግሉ የተከለው ዛፍ ግን በብዙ ዓመት አንዴ ብቻ ይደርሳል። ሃያ የደምበጫ ገበሬዎች የባሕር ዛፋቸውን ቈረጣ በተራ ቢያደርጉትና ሽያጩን በአንድ ሂሳብ ቢይዙት፣ በየዓመቱ የሚገባ ገንዘብና ለገዢው የሚቀርብ የታወቀ መጠን ያገኛሉ፤ በችግር ቀንም ከመካከላቸው ለአንዱ በቆመው ዛፉ ላይ ማበደር ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የራይፋይዘን ሣጥን ከሐውበርግ ሽንሻኖ ጋር መገናኘቱ ነው።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ኅብረት ሥራ ሕግ ከተጀመረ ወዲህ የተወሰደው መንገድ ሌላ ነው። የ1953 ዓ.ም. ድንጋጌና በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 241 ያፈሯቸው ማኅበራት ጥቂት ነበሩ። በደርግ ዘመን የገበሬ አምራቾች ማኅበራት በመንግሥት ትእዛዝ ተስፋፉ፤ መጋቢት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ደግሞ አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ሕዝቡ ኅብረትን ጠልቶ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ወንፈሉና ደቦው አልተቋረጠም። የሄደስዶርፍ ማኅበር በባለጠጎች ልግስና እንደ ቆመ፣ እነዚህም በመንግሥት ኃይል ቆመው ነበር፤ የደገፋቸው እጅ ሲነሣ ወደቁ። በአዋጅ ቍጥር 147/1991 ማኅበራቱ በፈቃደኝነት ላይ ተመሠረቱ፤ የአባላት ኃላፊነትም ባላቸው ዕጣ ተወሰነ። ስለዚህ የራይፋይዘንን ወሰን የለሽ ዋስትና መገልበጥ አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የገጠር መሬት ለሽያጭ የማይቀርብ ቢሆንም ዛፉ ግን የተከለው ሰው ሀብት ነው፤ ባሕር ዛፍን የገበሬ ባንክ የሚያሰኘውም ይህ ነው። ለባለሙያው የሚቀረው ጥያቄ ማኅበሩ ለዛፍ የሚሰጠው ብድር በመከር ወራት የሚከፈል ሆኖ ይቀጥላል ወይስ በዛፉ ዕድሜ ይለካል የሚለው ነው።

ራይፋይዘን በመጨረሻ ዓመታቱ ከሞላ ጐደል ዕውር ነበር። በ1868 ዳግመኛ ማሪያ ፓንሰሮት የተባለች ሴት አግብቶ ነበር። ከመንደር መንደር ይጓዛል፤ ሂሳብ ይመረምራል፤ ከ1879 ጀምሮ የሚወጣውን የማኅበራቱን ጋዜጣ ያሰናዳል። መጋቢት 11 ቀን 1888፣ 70 ዓመት ሊሞላው ሃያ ቀን ያህል ሲቀረው፣ በሄደስዶርፍ ሞተ። በዚያ ጊዜ በማእከሉ ሥር ከ400 በላይ ማኅበራት ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የጀርመን ሕግ ውሱን ኃላፊነት ያላቸው ማኅበራት እንዲቋቋሙ ፈቀደ፤ በ1904 የሕንድ የብድር ማኅበራት ሕግ የእርሱን ዓይነት ማኅበር ለገጠር መረጠ፤ ከዚያም አሳቡ ወደ ብዙ የእስያና የአፍሪካ አገሮች ተሻገረ። በ2016 ደግሞ ዩኔስኮ የኅብረት ሥራን አሳብና ልማድ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስገባው።

ልጁ አማሊ ከልጅነቷ ጀምሮ ዐይኑና እጁ ሆና የማኅበራቱን ደብዳቤ፣ የመጽሐፉን እርማትና የሂሳቡን ንባብ ተሸክማለች። ለማግባት ጠይቃ አባቷ እንደ ከለከላት ይነገራል፤ ያለ እርሷ ሥራው ይቆማል ብሎ ነበር። ብድርን ለሌላው በልግስና የዘረጋ ሰው የልጁን ዕድሜ ለራሱ ሥራ ያዘ። አማሊ ሳታገባ ኖራ አባቷ በሞተ በዘጠነኛው ዓመት፣ በ1897፣ ዐረፈች።